የሥራ ላይ አደጋና የሠራተኛው ሐሳብ



በአደጋ መዝገቦች ላይ «ምክንያት» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው «የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ነው። ይህ ፍርድ እንጂ ልኬት አይደለም። አሜሪካዊው ሄንሪክ እ.ኤ.አ. በ1931 ከመቶ 88 የሚሆነው አደጋ ከሰዎች አድራጎት የመጣ ነው ሲል፣ በእጁ የነበሩት የመድን ድርጅት ሰነዶችና አለቆች የሞሏቸው ቅጾች ነበሩ። ቅጹን የሞላው ማን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ቁጥሩ አያስደንቅም።

ሮቢት የፋብሪካ ከተማ አይደለችም፤ ሆኖም በዙሪያዋ ባለው የቆቦ ሸለቆ ለመስኖ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ውኃ የሚሳበው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ስለሆነ ጥያቄው እዚያም አለ። ፓምፑ ዝም ባለ ጊዜ አንድ ሠራተኛ ዋናውን ብሬከር ሳያጠፋ የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ከፍቶ እጁን አገባ እንበል። ማጥፋቱን ረስቶ ይሆናል። ተዘናግቶ የሌላ መስመር ብሬከር አጥፍቶ ይሆናል። ሞተሩ ዝም ካለ ኤሌክትሪክ የለም ብሎ አምኖ ይሆናል። ወይም ሁሉን እያወቀ፣ ውኃ የሚጠብቁ ገበሬዎች ከበው ቢያስቸኩሉት ደፍሮ ይሆናል። እጁ የሠራው አንድ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከአራቱ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ጄምስ ሪዝን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ የለያቸው እነዚህኑ ነው። ለረሳው ብሬከሩ ሳይጠፋ የማይከፈት ሳጥን፣ ለተዘናጋው ግልጽ ምልክት፣ በስህተት ላመነው ትምህርት ይበጀዋል። የደፈረውን ግን የሚያድነው የውኃ ተራውን አደላደል ማስተካከል ነው። ለአራቱም ሥልጠና ማዘዝ ለሁሉም በሽታ አንድ ኪኒን እንደ መስጠት ነው።

መለኪያው ጨርሶ የለም አይባልም። ብሮድቤንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት መጠይቅ 25 ጥያቄዎች አሉት፤ ዋላስና ቼን እ.ኤ.አ. በ2005 ለሥራ ቦታ ያዘጋጁት ደግሞ 22። ነገር ግን ቃል በቃል ቢተረጎሙ አይጠቅሙንም። በራያ ቆላ አንድን የተከበረ አባወራ «ይረሳሉ ወይ?» ማለት ለስድብ ይቀርባል፤ መልሱም «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» ነው። በእኔ አስተያየት ስለ ሌላ ሰው መጠየቅ ይሻላል፤ ይኸውም «አንድ የሥራ ጓደኛዎ ሳጥኑን እንዲህ ቢከፍት ምን አስቦ ይመስልዎታል?» ብሎ ነው።

ስም አይጻፍበት፤ ወረቀቱም ከአለቃ እጅ አይግባ። ይህን የምለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያውቅ የማድረጉን ግዴታ በአሠሪው ላይ ስለጣለ ነው። «ሞተሩ ዝም ካለ ኤሌክትሪክ የለም» የሚለው መልስ ከበዛ ተጠያቂው አሠሪው ሊሆን ነው። ስለሆነም መጠይቁ ከአደጋ ምርመራ ጋር በአንድ ሰሞን ባይካሄድ እመርጣለሁ።