ጫት በብድር መዝገባችን
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ «ባሏ ወይም ልጇ ጫት ለሚቅም አባል ብድር አይሰጥ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የምናገረው ስለዚሁ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገሩን የማየው እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ነው።

ጫት እንደ ዘይትና ስኳር ተገዝቶ የሚቀመጥ አይደለም። የሚያነቃቃው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለት ቀን ገደማ አብዛኛው ኃይሉ ይጠፋል። በኮባ ቅጠል የሚጠቀለለው፣ ከአወዳይ የጫኑ መኪኖች እንደዚያ የሚከንፉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ቃሚው በየቀኑ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። በየቀኑ ጥሬ ገንዘብ የምትይዘው ደግሞ የጉልት ነጋዴዋ ናት። በመቀነቷ ያለው ግን ትርፍ ብቻ አይደለም፤ የነገው ሽንኩርትና ቲማቲም መግዣም እዚያው ነው።

እስቲ እናስላው። በቀን 100 ብር እንበል (በ100 ብር የሚረካ ቃሚ ካለ!)። በወር 3,000፣ በዓመት ጳጉሜን ጨምሮ 36,500 ብር ነው። ለውዙ፣ ለስላሳውና ሲጋራው አልተቆጠረም። ምርቃናውን ሰብሮ እንቅልፍ ለማምጣት የሚጠጣው ቢራና አረቄ፣ ጨብሲ የሚሉት፣ አንዳንዴ ከጫቱ ይበልጣል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ቃሚው ምሳ ላይጠይቅ ይችላል፤ ልጆቹ ግን ይጠይቃሉ። በማግስቱ ደግሞ ሐራራው አለ፤ ድብርቱና ቁጣው የሚያርፈው በሚስት ላይ ነው።

ታዲያ ብድር እንከልክላት? እኔ አልስማማም። ከከለከልናት ወደ አራጣ አበዳሪ ትሄዳለች፣ ወይም የቤቷን ጉድ ደብቃ ትበደረናለች። ከመካከላችንም ጫት ቸርችረው ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች አሉ። ንግዱ በሀገራችን ሕጋዊ ነው፤ እንደ ቡናው የውጭ ምንዛሪም ያስገኛል። እነሱን አሳፍረን የምናተርፈው የለም።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በብድር መጠየቂያው ቅጽ ላይ «በቤቱ በቀን ለጫት፣ ለመጠጥና ለሲጋራ የሚወጣ» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። አባሏ ከጸሐፊዋ ጋር ለብቻዋ ሆና ትሙላው፤ በስብሰባ አይነበብ። ወጪው ከበዛ ብድሩ በእጇ አይሰጣት፤ ለጅምላ ነጋዴው ተከፍሎ ዕቃውን ትረከብ። ተመላሹንም ወር ሳትጠብቅ በየሳምንቱ በገበያ ቀኗ ታስገባ፤ ገንዘቡ ቤት ባያድር ይሻላል።

ለጋሾቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ። ልታከም ብሎ የተነሣ ልጅ ግን የትራንስፖርት ገንዘብ አጥቶ በሁለተኛው ቀጠሮ ሊቀር ይችላል። ለዚህ የሚሆን ትንሽ መጠባበቂያ በዓመቱ በጀት ይያዝልን።

የቅጹ ረቂቅ ጸሐፊዋ ዘንድ ስላለ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት እዩት። ማንበብ ለምትቸገሩ እናቶች ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ እየመጣሁ አነብላችኋለሁ።