ስለ ገዛናት አሮጌ ቮልስዋገን



እኛ አራት ተማሪዎች ገንዘባችንን አዋጥተን አንዲት ያገለገለች ቮልስዋገን ገዛን፡፡ በሦስተኛው ቀን የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ ቀይ መብራት በራ፡፡ «የባትሪ ነገር ነው» ብለን መንገዳችንን ቀጠልን፡፡ ስሕተታችንም ይህ ነበር፡፡ የዚህች አሮጌ ቮልስዋገን ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው፡፡ ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ስለ ሆነ፣ ቺንጋው ሲበጠስ መብራቱ ይበራል፤ ያን ጊዜ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ግድ ነው፡፡ እኛ ግን ሞተሩን አቃጠልነው፡፡ መካኒኩም መዘውሩ ከቀድሞ ጀምሮ ተጣሞ ቺንጋውን ይበላው እንደ ነበር አሳየን፡፡

ከመካከላችን አንዱ «አዲስ ቺንጋ አስገብተን ለሌላ እንሽጣት» አለ፡፡ እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ ሌሊት ሁላችንም ተመኝተነው ነበር፡፡ ነገር ግን የተታለለ ሰው ሌላውን ቢያታልል፣ ጉዳቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል እንጂ አይጠፋም፡፡

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፤ ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ማስታወቅ አለበት፡፡ ስለዚህ በማግሥቱ ወደ ሻጩ ሄደን የራሳችንንም ጥፋት ሳንሸሽግ ነገርነው፡፡ ከብዙ ክርክር በኋላ የጥገናውን ግማሽ ከፈለ፡፡

እኅቶችና ወንድሞች! ስትገዙ አስቀድማችሁ አስመርምሩ፤ ስትሸጡም ጉድለቱን ተናገሩ፡፡