አንድ ስም፣ ሁለት ትርጉም፦ የዲስክ ስብስብ ነጂን ስለ መጠገን



የዛሬው ንግግር ርዕሰ ጉዳይ ጠባብ ነው። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ዲስክ በሚያሠራው፣ ኤምዲ በመባል በሚታወቀው ነጂ ሶፍትዌር ላይ የታዩ ሦስት ግድፈቶችንና የተጠገኑበትን መንገድ እንመረምራለን። ሦስቱም ከአንድ ማሻሻያ የተወለዱ ናቸው። ሦስተኛው ግን ከሌሎቹ የሚለይበት ምክንያት አለው፤ ኮዱን በማረም ብቻ ሊታረም የማይችል ነበር።

አስቀድመን መሠረቱን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1988 በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ፣ ርካሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ የአንድ ውድ ዲስክን ሥራ ማሠራት እንደሚቻል የሚያስረዳ ጽሑፍ አቀረቡ። ሬይድ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ይህን ቅንጅት ልዩ የመቆጣጠሪያ ካርድ ሳያስፈልግ ስርዓተ ክወናው ራሱ ሊያከናውነው ይችላል። ካርዱን በውጭ ምንዛሪ ማስመጣት ለሚከብደው ተቋም ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን የዳታው ደኅንነት በዚያው መጠን በነጂው ኮድ ትክክለኛነት ላይ ይወድቃል።

ከዓይነቶቹ ሁሉ ቀላሉ ሬይድ 0 ነው። ዳታው እኩል መጠን ባላቸው ቁራጮች ተከፍሎ ለዲስኮቹ በየተራ ይታደላል። መጠባበቂያ ቅጂ የለውም። ነጂው የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ቁጥር ያለው ሴክተር በየትኛው ዲስክ፣ በየትኛው ስፍራ ይገኛል? መልሱ ማካፈልና መደመር ነው። ስሌቱ ከተሳሳተ ትክክለኛ ዳታ በተሳሳተ ቦታ ይጻፋል፤ ዲስኩም የታዘዘውን ስለ ፈጸመ አንዳች ስህተት አያሳውቅም።

እ.ኤ.አ. በማርች 2014 የወጣው ሊኑክስ 3.14 ትልልቅ ጥያቄዎችን የሚከፍል አዲስ ዘዴ ይዞ መጣ። የሬይድ 0 ነጂም ከዚህ ጋር እንዲስማማ ሲጻፍ፣ ቀድሞ በተለያዩ ስሞች ይያዙ የነበሩ ዋጋዎች «ሴክተር» በሚል በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ ገቡ። የሦስቱም ግድፈቶች ሥር ይህ ነው።

የመጀመሪያው ግድፈት እንዲህ ነው። የቁራጩ መጠን የ2 ርቢ፣ ማለትም 8፣ 16፣ 32 እያለ የሚሄድ ሲሆን ኮዱ ቀሪውን የሚያገኘው ተለዋዋጩን ሳይነካ ነው። መጠኑ እንዲህ ካልሆነ ግን ቀሪውን መልሶ ድርሻውን በዚያው ተለዋዋጭ ውስጥ የሚያስቀምጥ የማካፈያ ትእዛዝ ይጠቀማል። ስለዚህ ከዚያ መስመር በኋላ «ሴክተር» የሚለው ስም የሴክተር ቁጥር መሆኑ ቀርቶ የማካፈል ውጤት ሆነ፤ ቀጣዩም ስሌት ተበላሸ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ጥገና ተደረገ። ተለዋዋጩን ወደ ቀድሞ ዋጋው የሚመልስ አንድ መስመር ተጨመረ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ መስመሩ የገባው ግን ጥያቄው ለሁለት ከሚከፈልበት ስፍራ በኋላ ነው። ክፍፍሉ ከተፈጸመ በኋላ ዋናው ጥያቄ ወደሚቀጥለው ክፍል ተሻግሯል። ስለዚህ የተመለሰው ዋጋ የሚቀጥለው ክፍል አድራሻ ሆነ። ሁለተኛው ግድፈት ይህ ነው።

ውጤቱን በቁጥር እንመልከት። የቁራጩ መጠን 8 ሴክተር ነው እንበል። የፋይል ስርዓቱ ለኤስኤስዲው «ከ6 እስከ 17 ያሉት ሴክተሮች ከእንግዲህ አያስፈልጉም፤ ይጠረጉ» የሚል ጥያቄ ይልካል። ጥያቄው በሦስት ይከፈላል፦ ከ6 እስከ 7፣ ከ8 እስከ 15፣ ከ16 እስከ 17። በግድፈቱ ምክንያት የመካከለኛው ክፍል 8 ሴክተር ርዝመቱን እንደ ያዘ ከ16 ይጀምርና እስከ 23 ይጠርጋል። ከ18 እስከ 23 ያሉት 6 ሴክተሮች ማንም ይጥፉ ያላላቸው፣ ምናልባትም የሌላ ሰው ፋይል ናቸው።

ተራ የጽሕፈት ጥያቄዎች በአብዛኛው በቁራጩ ወሰን ውስጥ ተወስነው ስለሚመጡ ክፍፍል እምብዛም አይደርስባቸውም ነበር። የማስወገድ ጥያቄዎች ግን ረጃጅም ናቸው። ስለዚህ ጉዳቱ የደረሰው በኤስኤስዲ ላይ ሬይድ 0 በሚጠቀሙትና የማስወገድ ጥያቄን በፈቀዱት ላይ ነው። ጥርጣሬው በመጀመሪያ ያረፈው ኢኤክስቲ4 በተባለው የፋይል ስርዓት ላይ ነበር፤ የተበላሸው እዚያ ይታይ ነበርና። እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 የተደረገው ማረሚያ ያችኑ መስመር ከክፍፍሉ በፊት ወደሚገኝ ቦታ ማዛወር ብቻ ነበር። ያልተለመደ መጠን የሚጠቀሙትን ጥቂቶች ለመርዳት የተደረገ ጥገና የተለመደውን መጠን የሚጠቀሙትን ብዙዎች እንደ ጎዳ ልብ በሉ።

ሦስተኛው ግድፈት ከአምስት ዓመት በላይ ተደብቆ ቆየ። የዲስኮቹ መጠን እኩል ካልሆነ ሬይድ 0 በቀጠና ይከፈላል። 100፣ 200 እና 200 ጊጋባይት የሆኑ ዲስኮች ቢኖሩን የመጀመሪያው ቀጠና ሦስቱንም ይይዛል፤ ሁለተኛው ትልልቆቹን ሁለቱን ብቻ። የቀድሞው ኮድ በሁለተኛው ቀጠና ተራ የሚሰጠው ከጠቅላላው ስብስብ መጀመሪያ ቆጥሮ ነበር። ከ3.14 ወዲህ ያለው ኮድ ግን ከቀጠናው መጀመሪያ ይቆጥራል፤ ስሙ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት ስለ ሆነ ነው። ሁለቱም አቆጣጠሮች በራሳቸው ስህተት የለባቸውም። በአንደኛው የተጻፈውን በሌላው ማንበብ ግን ጥፋት ነው።

ለዚህ አቅራቢያችን ያለው የባቡር መስመር ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። በሁርሶ አልፎ ድሬዳዋ የሚገባው አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው አዲሱ መስመር ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክለኛ ሐዲዶች ናቸው፤ ለአንዱ የተሠራ ፉርጎ ግን በሌላው አይሄድም። ሁርሶ ላይ የቆመ ሰው ሐዲዱን በሜትር ለክቶ የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል። በዲስክ ላይ የተጻፈ ቁራጭ ግን በየትኛው ከርነል እንደ ተጻፈ የሚናገር ምልክት አልነበረውም። ከ3.14 በፊት ተፈጥሮ ከዚያም በኋላ የተጻፈበት ስብስብ ደግሞ ሁለቱን አቆጣጠር ቀላቅሎ ሊይዝ ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይጠገን? ወደ አሮጌው ቢመለስ ከ3.14 በኋላ የተጻፈው ይበላሻል፤ በአዲሱ ቢጸና የቀድሞው ይጠፋል። ለረጅም ዘመን የኤምዲ ኃላፊ የነበሩት ኒል ብራውን ያቀረቡትና እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 በወጣው ሊኑክስ 5.4 የገባው መፍትሔ ለሁለቱም አላደላም። ነጂው ሁለቱንም አቆጣጠር እንዲያውቅ ተደረገ፤ አስተዳዳሪው የትኛውን እንደሚፈልግ እስኪገልጽ ድረስ ግን እንዲህ ያለውን ስብስብ አላስነሳም ይላል። ሰርቨሩ በማለዳ አለመነሣቱ ያስቆጣል። ሆኖም ያልተነሣ ስብስብ ነገ ሊነሣ ይችላል፤ በተሳሳተ አቆጣጠር የተጻፈበት ግን አይመለስም።

ከዚህ ለሥራችን የሚሆኑ ሦስት ነገሮችን እንውሰድ። አንደኛ፣ የተሰጠውን ዋጋ በቦታው የሚለውጥ ተግባር ስትጠሩ ውጤቱን በሌላ ስም ያዙ። ሁለተኛ፣ ጥገናን ስትፈትኑ የተጠገነውን መንገድ ብቻ አትፈትኑ፤ በዚያው መስመር የሚያልፉትን ጎረቤቶቹንም ፈትኑ። ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። በአንድ ላፕቶፕ ላይ መጠናቸው የተለያየ ፋይሎችን እንደ ዲስክ አስመስሎ፣ ስብስብ ሠርቶ፣ የታወቀ ዳታ ጽፎ፣ ከፊሉን አስወግዶ የቀረውን ማመሳከር ይቻላል። በአሮጌ ከርነል ጽፎ በአዲሱ ማንበብም የፈተናው አካል ይሁን። ሦስተኛ፣ ነጂው እርግጠኛ ሊሆን በማይችልበት ስፍራ እንዲገምት አታድርጉት፤ እንዲጠይቅ አድርጉት።

በሌሎች ሶፍትዌሮች ትናንት የተሠራውን ስህተት የዛሬው ማሻሻያ ብዙ ጊዜ ይሽረዋል። የዲስክ ነጂ ግን ትናንት ለጻፈው ዳታ ዛሬም ተጠያቂ ነው። ጥገናችሁ ከመጽደቁ በፊት «ይህ ኮድ ትክክል ነውን?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥላችሁ «ከዚህ በፊት የተጻፈውን ምን ያደርገዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።