መመሪያው የት ተጽፏል? የኮምፒውተር ክላስተር ደንብ ማውጫ መሣሪያዎችን ስለ መሰነድ



በቋንቋችን «መመሪያ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። መሥሪያ ቤት አዋጅንና ደንብን ተከትሎ የሚያወጣው አስገዳጅ ጽሑፍ መመሪያ ይባላል፤ ከአዲስ ሬዲዮ ጋር በካርቶን ውስጥ የሚመጣው የአጠቃቀም ወረቀትም መመሪያ ይባላል። የዛሬው ንግግሬ ሁለቱ በአንድ ማሽን ላይ ስለሚገናኙበት ስፍራ ነው።

ክላስተር በኔትወርክ የተሳሰሩ ሰርቨሮች እንደ አንድ ኮምፒውተር የሚያገለግሉበት አደረጃጀት መሆኑን ታውቃላችሁ። ተጠቃሚው ሥራውን ያስገባል፤ ሥራው ወረፋ ይይዛል፤ ተራ ሰጪው ሶፍትዌር ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ሶፍትዌር በአሜሪካው የሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የተጀመረው ስለርም ነው። ማን ስንት ጂፒዩ ሊይዝ እንደሚችል፣ አንድ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድለት፣ የየትኛው ክፍል ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የሚመዘገበው «ሳክትማናጀር» በተባለው መሣሪያው ነው።

ከዓመታት በፊት ለአንድ አነስተኛ ክላስተር ገደብ ያወጣሁት እኔ ነበርሁ። አንድ ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ ከ2 ጂፒዩ በላይ እንዳይይዝ አዘዝሁ። መሣሪያው ትእዛዜን ተቀበለ፤ መዝገቡን ስጠይቅም ቁጥሩን መልሶ አሳየኝ። ደንቡን በአንድ ገጽ ጽፌ ለተማሪዎች በተንሁ። ለ4 ወራት ግን ማንም አልተከለከለም። ስለርም ገደብን መመዝገብንና ገደብን ማስፈጸምን ለየብቻ እንደሚይዝ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በዋናው የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «አካውንቲንግ ስቶሬጅ ኢንፎርስ» የተባለው መስመር ገደብን እንዲያስፈጽም ካልታዘዘ በቀር መዝገቡ መዝገብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህ በይፋዊው ሰነድ ተጽፏል። እኔ የትእዛዙን ምሳሌ ቀድቼ ቀሪውን ሳላነብ ወጥቼ ነበር፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁም እንደዚያው እንደምታደርጉ እጠረጥራለሁ።

መስመሩን ባስተካከልሁበት ሳምንት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ 9 ቀን ቀርቷት ነበር። 4 ጂፒዩ የጠየቀው ሥራዋ ወረፋው ላይ ቆመ። ስለርም ከገደብ በላይ የሚጠይቅን ሥራ እንዲመልስ ተለይቶ ካልታዘዘ ተቀብሎ ያቆየዋል፤ ምክንያቱንም ለጀማሪ በማይገባ አንድ የተጨማደደ የእንግሊዝኛ ቃል ይገልጻል። ተማሪዋ ማሽኑ ሥራ የበዛበት መስሏት 3 ቀን ጠበቀች። በመጨረሻ ቢሮዬ መጥታ «መምህር፣ ተራዬ መቼ ይደርሳል?» አለችኝ። መዝገቡን ስከፍት ተራዋ ፈጽሞ የማይደርስ መሆኑን አየሁ። የበተንሁትን ገጽ አንብባው ነበር፤ ነገር ግን 4 ወር ሙሉ ማንም ስላልከለከላት ገጹ የተሻረ መስሏታል። አልፈርድባትም። ለጊዜው የተለየ የአገልግሎት ደረጃ ከፈትሁላት፤ ሆኖም ካቀደቻቸው ሙከራዎች አንዱ ሳይሠራ ቀረ፤ ከጽሑፏም የለም።

በአገራችን ሕግ፣ በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት፣ ያልተመዘገበና ይፋ ያልሆነ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። ማሽን ይህ ጨዋነት የለውም። ማንም ያላወቀውን ገደብ ያስፈጽማል፤ ሁሉም ያነበበውን ደግሞ ችላ ይላል። ስለዚህ የእንዲህ ያለ መሣሪያ ሰነድ ትእዛዞችን መዘርዘሩ አይበቃም። ከእያንዳንዱ ደንብ ሥር ደንቡ በእርግጥ እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ አጭር ሙከራ ይኑር፦ 3 ጂፒዩ የሚጠይቅ ትንሽ ሥራ አስገብቶ ተጠቃሚው የሚያየውን መልእክት፣ ትርጉሙንም በአማርኛ፣ ማስፈር ነው። የገደቦችም ቅደም ተከተል ይጻፍ። እንደተለመደው አሠራር የፓርቲሽኑ የአገልግሎት ደረጃ የሥራውን፣ የሥራው የተጠቃሚውን፣ የተጠቃሚው የአካውንቱን ገደብ ይቀድማል፤ አንዱን ብቻ ያነበበ ይሳሳታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ምክንያቱን መጻፍ ነው። ስለርም የትናንቱን ፍጆታ እየቀነሰ ይረሳል፤ የግማሽ ዕድሜው መነሻ ቁጥር 7 ቀን ነው። እንግዲህ ክላስተሩን አጣብቦ የያዘ ሰው ሥራውን ካቆመ፣ ከ28 ቀን በኋላ የሚታሰብበት ፍጆታ አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ሰሞን በሚረከብበት ፋኩልቲ ይህ ለጋስ ምሕረት ነው፤ ምሕረቱን የወሰነው ደግሞ ሶፍትዌሩ እንጂ እኛ አይደለንም።

ለዚህ ፋኩልቲ ክላስተር ያዘጋጀሁት ረቂቅ በእጃችሁ አለ። የግማሽ ዕድሜውን ቁጥርና ከጎኑ ያለውን የምክንያት ሣጥን ሆን ብዬ ባዶ ትቻቸዋለሁ። ውይይቱን ከዚያ እንጀምር፦ ስንት ቀን ይሁን? ለምን?