ድምፅና ትርጉም፦ የፊዮዶር ሻሊያፒን የኪነ ጥበብ ሕይወትና ቅርስ

የዛሬው ንግግሬ ስለ ሩሲያዊው የኦፔራ ድምፃዊ ስለ ፊዮዶር ሻሊያፒን ነው። ሻሊያፒን ባስ ተብሎ የሚጠራው ወፍራም የወንድ ድምፅ ባለቤት ሲሆን፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በኦፔራው ዓለም ስማቸው ከገነነው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። ሆኖም ዝናውን በድምፁ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ድምፁ ከባሶች ሁሉ የጠለቀ እንዳልነበረ በሸክላ ያስቀረጻቸውን ዘፈኖች ያደመጠ ሁሉ ይመሰክራል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን አነሣለሁ። ይህ ሰው በኦፔራ ጥበብ ላይ የጨመረው ምንድን ነው? የጨመረውስ ነገር መንግሥታት ከሰጡትና ከነፈጉት ክብር በላይ ዕድሜ ያገኘው ስለ ምን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ሻሊያፒን በ1873 በቮልጋ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በካዛን ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከቭያትካ አውራጃ የመጡ የገበሬ ልጆች ነበሩ። አባቱ በአካባቢው አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተራ ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ መጠጥ ስላሸነፈውም ቤተሰቡ ከድህነት አልወጣም። ልጁ ሙያ እንዲለምድ በመጀመሪያ ለጫማ ሰፊ፣ ቀጥሎም ለእንጨት ሠራተኛ ተሰጠ፤ ከዚያም እንደ አባቱ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ገልባጭ ሆነ። ከዜማ ጋር የተዋወቀው በቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ጓድ ውስጥ ነው። የቀለም ትምህርቱ እጅግ አጭር ነበር፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጅም አልረገጠም። ይህን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ትምህርት ቤት ያላገኘ ሰው ትምህርቱን ከየት ከየት እንደ ለቃቀመ የሚያሳይ ነውና።

በ1890 በኡፋ ከተማ ከአንድ አነስተኛ የኦፔራ ቡድን ጋር በኅብረ ዘማሪነት ተቀጠረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ ድምፃዊ በመታመሙ ምክንያት በፖላንዳዊው ሞኒዩሽኮ ኦፔራ በ«ሃልካ» ውስጥ ለብቻው የመዝፈን ዕድል አገኘ። ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ ሲንከራተት ቆይቶ ዛሬ ትብሊሲ በምትባለው በቲፍሊስ ከድሚትሪ ኡሳቶቭ ጋር ተገናኘ። ኡሳቶቭ በሞስኮው የቦልሾይ ቴአትር ይዘፍን የነበረ ባለሙያ ነው። ወጣቱን ያለ ክፍያ አስተማረው፤ ልብስና ምግብ ሳይቀር ረዳው። ሻሊያፒን በሕይወቱ ያገኘው እውነተኛ የድምፅ መምህር ይህ አንድ ሰው ነበር። ኡሳቶቭ ያስተማረው አተነፋፈስንና የድምፅ አያያዝን ብቻ አይደለም፤ በተለይ የሙሶርግስኪን ሥራዎች እንዲያፈቅር አደረገው። ያ ፍቅር ኋላ ለመላው ዓለም ተረፈ።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘው በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ፣ በፒተርስቡርግ ነው። በ1895 በንጉሠ ነገሥቱ የማሪንስኪ ቴአትር ሲቀጠር ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። በዳርጎሚዥስኪ ኦፔራ በ«ሩሳልካ» የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ሆኖ ሲዘፍን ግን ተመልካቹ ቀዘቀዘበት። ግራ ቢገባው ማሞንት ዳልስኪ ወደሚባል የድራማ ተዋናይ ሄደ። ዳልስኪ ዜማውን ሳይሆን ቃሉን እንዲያነብለት ጠየቀው፤ ካዳመጠውም በኋላ ስሕተቱን ነገረው። ባለ ወፍጮው ርስትና ንብረት ያለው፣ ረጋ ያለ ገበሬ ነው፤ ሻሊያፒን ግን የአባትየውን ተግሣጽ የሚናገረው በሱቅ ነጋዴ የንግግር ቃና ነበር። ኖታው ትክክል ነው፤ ሰውየው ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ሻሊያፒን በ1932 ባሳተመው «ጭምብልና ነፍስ» በተሰኘው መጽሐፉ ይህን ቀን የጥበቡ መሠረት የተጣለበት ቀን አድርጎ ያስታውሰዋል። ከዚያ ጀምሮ ለእርሱ የኦፔራ ዋና ጥያቄ «ይህ ቃል በዚህ ሰው አፍ፣ በዚህ ሰዓት ምን ማለት ነው?» የሚል ሆነ።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት የባለጸጋው የሳቫ ማሞንቶቭ የግል ኦፔራ ነው። ማሞንቶቭ በባቡር ሐዲድ ሥራ የበለጸገ፣ ነገር ግን ሀብቱንና ልቡን ለኪነ ጥበብ የሰጠ ሰው ነበር። ሻሊያፒን በ1896 የንጉሠ ነገሥቱን ቴአትር ትቶ ወደ እርሱ ሲገባ በዙሪያው ያገኛቸው እንደ ኮሮቪን፣ ሴሮቭና ቭሩቤል ያሉ ሠዓሊዎችን ነው። በዚያው ዓመት በሪምስኪ ኮርሳኮቭ ኦፔራ አስፈሪውን ኢቫንን ሆኖ እንዲጫወት በተመደበ ጊዜ፣ ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች የዚያን ንጉሥ ፊት እንዴት እንዳዩት እየተዘዋወረ ተመለከተ፤ አቋሙን፣ አንገቱን፣ የፊቱን ቀለም ከሥዕል ቀዳ። በ1898 ክረምት ደግሞ ቦሪስ ጎዱኖቭን ሲያጠና ሁለት መምህራን አገኘ። ሙዚቃውን ያስጠናው የዚያው ቡድን መሪ የነበረው ወጣቱ ሰርጌይ ራህማኒኖቭ ነው። ስለ ዘመኑ ያስረዳው ደግሞ ታላቁ የታሪክ ሊቅ ቫሲሊ ክሉቼቭስኪ ነው። ሻሊያፒን እንደሚተርከው፣ ሊቁ በጫካ ውስጥ አብሮት እየሄደ ተንኮለኛውን ልዑል ሹይስኪን እየመሰለ ያነጋግረው ነበር። አንድ ዘፋኝ ለአንድ ሚና ከሙዚቀኛ፣ ከሠዓሊ፣ ከተዋናይና ከታሪክ ሊቅ ሲማር እናያለን። በዛሬ ቋንቋችን የልዩ ልዩ የትምህርት ዘርፎች ትብብር የምንለውን ነገር፣ ይህ ሰው ያለ ስም ኖሮበታል።

«ቦሪስ ጎዱኖቭ» የተመሠረተው በአሌክሳንደር ፑሽኪን ድራማ ላይ ነው። በቅድመ አያቱ በአብራም ሃኒባል አማካይነት ከአገራችን ጋር ያለው የትውልድ ሐረግ በሊቃውንት ዘንድ ዛሬም የሚያከራክር ቢሆንም፣ ፑሽኪን ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ባዳ ስም አይደለም። ታሪኩ የሕፃኑን አልጋ ወራሽ ደም በማፍሰስ የሚጠረጠር፣ ሥልጣን ላይ ወጥቶ ሕሊናው የሚያሳድደው ንጉሥ ታሪክ ነው። ሻሊያፒን ይህን ሚና በ1928 በለንደን ኮቬንት ጋርደን ሲጫወት በቀጥታ የተቀረጸ ክፍል አለ። ተማሪዎች እንድታደምጡት እመክራለሁ። ንጉሡ የተገደለው ሕፃን በዓይኑ ሲመጣበት ድምፁ ከዜማ ወደ ንግግር፣ ከንግግር ወደ ሹክሹክታ፣ ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት ይሻገራል። ሲሞት ደግሞ ልጁን የሚባርክበት ድምፅ እንደ ክር ይቀጥናል፤ ግን አይበጠስም። ውበቱ የሚመጣው ከድምፁ ማማር ሳይሆን የቃሉ ትርጉም ድምፁን ወደ ፈለገበት ስለሚመራው ነው።

ይህ ጥበብ በውጭ አገር የተቀበሉት ሁሉ ወዲያው የተረዱት አልነበረም። በ1901 በሚላኑ ላ ስካላ፣ በቶስካኒኒ መሪነት፣ ከካሩሶ ጋር በቦይቶ «ሜፊስቶፌሌ» ሲዘፍን ኢጣሊያኖች ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡለት። በ1907 በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ይህንኑ ሚና ሲጫወት ግን ሐያሲዎቹ ትወናውን ጨዋነት የጎደለው ነው ብለው ነቀፉት፤ ተቀይሞ ሄደ። በ1908 ዲያጊሌቭ «ቦሪስ ጎዱኖቭን» ወደ ፓሪስ ባመጣ ጊዜ ምዕራብ አውሮፓ ሙሶርግስኪን በሻሊያፒን አንደበት ተዋወቀ። በ1921 ወደ ኒው ዮርክ ሲመለስ ሌሎቹ ዘፋኞች በኢጣሊያንኛ ሲዘፍኑ እርሱ ብቻ በሩሲያኛ ዘፈነ። አብዛኛው ተመልካች ቋንቋውን አያውቅም ነበር፤ አዳራሹ ግን በጭብጨባ ተናወጠ።

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ ልለፍ። ታላቅ ድምፅ የማን ነው? በሻሊያፒን ላይ ይህ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ተነሣ። በ1911 በማሪንስኪ «ቦሪስ ጎዱኖቭ» ሲቀርብ፣ ለዛር ኒኮላስ ዳግማዊ አቤቱታ የነበራቸው ኅብረ ዘማሪዎች ብሔራዊ መዝሙር እየዘመሩ በድንገት መድረኩ ላይ ተንበረከኩ፤ ሻሊያፒንም አብሮ ተንበረከከ። የለውጥ ወገን የነበሩ ወዳጆቹ እንደ ከሐዲ ቆጠሩት። ሠዓሊው ሴሮቭ ከእርሱ ጋር የነበረውን ወዳጅነት አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ሳይታረቁ ሞተ። በ1918 ደግሞ አብዮታዊው መንግሥት «የሪፐብሊኩ ሕዝባዊ አርቲስት» የሚለውን ማዕረግ ከሁሉ አስቀድሞ ለእርሱ ሰጠው። በ1922 ለሥራ ከአገር ወጣ፤ አልተመለሰም። በ1927 በፓሪስ ለተቸገሩ ሩሲያውያን ስደተኛ ሕፃናት አምስት ሺህ ፍራንክ መስጠቱ ተሰማ፤ ሞስኮ ይህን የአብዮቱን ጠላቶች እንደ መርዳት ቆጥራ ማዕረጉንና ወደ አገሩ የመመለስ መብቱን ገፈፈችው። በሚያዝያ 1938 በፓሪስ ሞቶ በዚያው ተቀበረ። በ1984 አፅሙ ፈልሶ በሞስኮ ኖቮዴቪቺ መካነ መቃብር ዐረፈ። በ1991 የ1927ቱ ውሳኔ ተሻረ። ማዕረጉን ያጣው በሕይወቱ ሳለ ነው፤ መልሶ ያገኘው ከሞተ ከአምሳ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

እነዚህ ሁሉ ሊሰጡትና ሊነሡት የቻሉት የክብር ስምን ነው። ጥበቡ ግን ቀድሞ ወደ ሌሎች ተላልፎ ነበር። ስታኒስላቭስኪ ሙዚቃን፣ ቃልንና ትወናን አንድ ያደረገ አርአያ አድርጎ ሻሊያፒንን ጠቅሶታል፤ ለኦፔራ ዘፋኞች ስቱዲዮ ባቋቋመ ጊዜም ይህንኑ አንድነት ሊያስተምር ሞክሯል። ከእርሱ በኋላ የቦሪስን ዘውድ የደፉ ባሶች፣ ቡልጋሪያውያኑ ቦሪስ ክሪስቶፍና ኒኮላይ ጊያውሮቭ ሳይቀሩ፣ ከእርሱ ጋር መነጻጸራቸው አልቀረም።

ቅርሱን ስናከብር ግን ነቀፋውንም መደበቅ የለብንም። ሻሊያፒን ከኖታው ጊዜና ምት ብዙ ነጻነት ይወስድ ነበር፤ ከመሪዎች ጋርም ይጋጭ ነበር። የዘፈነው ቦሪስ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ያረመው እንጂ ሙሶርግስኪ ራሱ የጻፈው አልነበረም። ተከታዮቹም ጩኸቱንና ሣቁን ቀድተው ምክንያቱን የተዉበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም ይህ የመጨረሻው ነቀፋ ራሱ የንግግሬን ፍሬ ነገር ያረጋግጣል። የሻሊያፒን ጩኸት ዋጋ የሚኖረው ከጩኸቱ በፊት የነበረው ጥናት ሲኖር ነው፤ ያ ጥናት ደግሞ ከድምፅ ጋር አብሮ አይወረስም፤ እያንዳንዱ ትውልድ ከመጀመሪያው መጀመር አለበት።

ውድ ተማሪዎች፤ ሙዚቃም አጠናችሁ ቋንቋ፣ ታሪክም አጠናችሁ ሥዕል፣ ከዚህ ሰው የምትወስዱት ነገር ይኖራል ብዬ አምናለሁ። ተፈጥሮ ድምፅ ሰጠችው፤ ቀሪውን ከጎረቤት ሙያዎች ደጅ ጠንቶ አገኘው። ዘፋኝ ሆኖ ሳለ ያነበበውን ቃል ትርጉሙን ሳያውቅ ለማሰማት አልፈቀደም። አንድን ጽሑፍ ስታነቡም ሆነ አንድን ዜማ ስታዜሙ፣ ዳልስኪ ለሻሊያፒን ያቀረበለትን ፈተና ለራሳችሁ አቅርቡ፤ ኖታው ልክ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።