የግቢው ስሞችና የመሐንዲሱ ፕላን



በደጎሎና በአካባቢው ደጋ የሚኖር ገበሬ «ግቢዬ» ሲል አንድ ወጥ ቦታ ማለቱ አይደለም። ደጁ እህል የሚሰጣበትና እንግዳ የሚቀበልበት ነው። ጓሮው አመድና ፍግ ስለሚደፋበት ከሩቁ ማሳ ይልቅ የለማ ነው፤ የጓሮ ጎመንም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። አጥር ሥሩ ደግሞ የጌሾና የዛፍ ቦታ ነው።

የፕላን ወረቀት ግን ይህን ሁሉ «ክፍት ቦታ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀልለዋል። መዘዙም ቀላል አይደለም። የጃማ ወረዳ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ይቋጥራል። «ክፍት» ወደተባለው ጓሮ የመንገድ ጎርፍ ማውረጃ ቦይ ቢመራ፣ በዓመታት ፍግ የዳበረው አፈር ይታጠባል፤ የቀረውም ውኃ ይተኛበታል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ በላዩ ለሰፈረው ንብረትና ለተደረገው ቋሚ ማሻሻያ ካሳ እንዲከፈል ይደነግጋል፤ ይሁን እንጂ በንድፍ ላይ ያልታየ ልማት በገማች ዓይን እንዴት ይገባል?

ስለዚህ ቀያሹ ሜትሩን ከመዘርጋቱ አስቀድሞ የቤቱን እመቤት «እናቴ፣ ይህን ቦታ ምን ብለው ይጠሩታል?» ብሎ ይጠይቅ፤ የነገሩትንም ስም በንድፉ ላይ ይጻፍ። ስሙ የቦታው ሥራ መግለጫ ነውና።