ስለ ዳጎሬቲ የምርጫ ወረዳ ታሪክ የተደረገ ንግግር



ስለ ቀድሞው የዳጎሬቲ የምርጫ ወረዳ በአጭሩ ለማስረዳት ተነሥቻለሁ። ወረዳው በዚህ ስም ዛሬ የለም፤ ሆኖም ከተማ በሰፋ ጊዜ የገበሬው ድምፅ ወዴት እንደሚደርስ ለማወቅ የሚሻ ሹም ሁሉ ታሪኩን ቢመረምረው ይጠቀማል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዳጎሬቲ ስም ከናይሮቢ ይቀድማል። ናይሮቢ የተቆረቆረችው በ1899 የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ ነው፤ በዳጎሬቲ ግን ሉጋርድ የተባለው እንግሊዛዊ ከኪኩዩው አለቃ ከዋያኪ ዋ ሂንጋ ጋር ተዋውሎ በ1890 የኩባንያውን ምሽግ ሠርቶበት ነበር። ውሉ አልጸናም፤ ምሽጉም በተከታዩ ዓመት ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ አገሩ ከኪያምቡ አውራጃ ጋር ተቆጥሮ፣ ቤተ ዘመዱ በየርስቱ በቆሎና ባቄላ እየዘራ፣ ላሙን እያለበ ኖረ።

ነፃነት በታወጀበት በ1963 የናይሮቢ ወሰን ከ90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 690 ገደማ ሲሰፋ፣ ዳጎሬቲ ከነእርሻው ወደ ከተማው ገባ። ገበሬው ከቀየው ሳይነቃነቅ ከተሜ ሆነ ማለት ነው። ወረዳውም በመጀመሪያ «ናይሮቢ ምዕራብ» ይባል ነበር፤ ከ1969 ምርጫ ጀምሮ ግን ዳጎሬቲ ተባለ።

እንደራሴው ዶክተር ንጆሮጌ ሙንጋይ የዚያው አገር ተወላጅ፣ የፕሬዚዳንት ኬንያታ ሐኪም፣ ኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። እኒህ ባለ ትልቅ ማዕርግ ሰው በ1974 በዶክተር ጆንስተን ሙቲዮራ ተሸነፉ። በእኔ አስተያየት በወረዳው ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም፤ ተወዳዳሪው ሁሉ ከካኑ ፓርቲ ብቻ በሚቀርብበት ዘመን እንኳ መራጩ ሚኒስትሩን ከወንበራቸው ለማንሣት አልፈራምና። አሸናፊው ግን ብዙ ሳይቆዩ በ1975 ዐረፉ።

ከዚያ ወዲህ በካዋንግዋሬ ባለርስቱ በእርሻው ላይ የቆርቆሮ ቤት እየሠራ፣ ከምዕራብ ኬንያ ለሥራ ለሚመጣው ሕዝብ ያከራይ ጀመር። ባለመሬቱና ተከራዩም ለአንድ እንደራሴ ድምፅ ሰጡ፤ አንደኛው ስለ ርስቱ ወሰን፣ ሁለተኛው ስለ ውሃና ስለ ኪራይ እያሰበ። ከ1997 እስከ 2013 የነበሩት ወይዘሮ ቤት ሙጎ ይህን ሁሉ በአንድ ወንበር መሸከም ነበረባቸው። በአገራችን በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለ200 ሺህ ሕዝብ ሁለት እንደራሴ ሲመድብ፣ ከ30 ሺህ በላይ ነዋሪ ላለው ከተማ ግን ለብቻው እንደራሴ ይሰጠው ነበር። ገበሬና ከተሜ በአንድ ሣጥን እንዳይጋፉ የታሰበ ይመስላል።

በኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት ወረዳዎቹን ከ210 ወደ 290 ሲያሳድግ፣ የናይሮቢ 8 ወረዳዎች 17 ሆኑ። ከ300 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረው ዳጎሬቲም በ2013 ምርጫ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ተከፈለ። ካዋንግዋሬ ከባለጸጎቹ ሰፈሮች ከኪሊማኒና ከኪሌሌሽዋ ጋር በሰሜን ተመደበ፤ ዋይታካ፣ ሩቲሚቱና ሙቱይኒ የደቡብ ሆኑ።